በዋትሳፕ የመጣው ዕዳ እና በፖስታ የመጣው ዕዳ

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የድሬ ሙቀት በመጋቢት ማታም አይለቅም። በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፈን ተቀምጠናል። አያቴ መሀል፣ አክስቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የአክስቴ ስልክ ጮኸ። ዋትሳፕ ነው። ቁጥሩ የአሜሪካ ነው።

ተነስታ ወደ ግቢው በር ሄደች። በእንግሊዝኛ ስታወራ ድምጿ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ። ተመልሳ ስትቀመጥ ሲኒዋን አላነሳችም።

«ዕዳ አለብሽ አለኝ» አለች። «የድሮው አፓርታማ ነው። 3,100 ዶላር። ዛሬ 1,200 ከላክሽ ፋይሉ ይዘጋል፤ ካልሆነ አሜሪካ ስትገቢ ኤርፖርት ላይ ትያዣለሽ አለኝ።»

አያቴ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ዕዳ ከሜዳ!» አለች። ከዚያ ወዲያው፣ «በሉ ክፈሉ፤ የቤታችን ስም አይጥፋ።»

ይህ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያች ማታ እስከ ነሐሴ ድረስ ጉዳዩን ከአክስቴ ጋር አብሬ ይዤዋለሁ። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በሒሳብ ሥራ ነው የምተዳደረው። ስለ አሜሪካ ዕዳ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ የተማርኩት ወረቀት በወረቀት ነው። እንድጽፈው አክስቴ ፈቅዳልኛለች። የእሷንም፣ የአከራዩንም፣ የዕዳ ሰብሳቢውንም (ዕዳውን በአከራዩ ፈንታ የሚያስከፍለውን ድርጅት) ስም አላነሳም። የምጽፈው እንደ አክስቴ ውጭ ኖሮ የተመለሰ ሰው ከሳቢያን እስከ ከዚራ፣ ሐረርም ቢሆን በየሰፈሩ ስላለ ነው። ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት የሌለው ቤትማ የለም ማለት ይቻላል።

አክስቴ በዲቪ የሄደችው በ2004 ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ኖረች፣ ዜግነት ወሰደች። በሰኔ 2013 መጨረሻ አፓርታማዋን ለቃ ሦስት ሳምንት ወንድሟ ቤት ቆየች። ፖስታዋ ወደ ወንድሟ አድራሻ እንዲዞር አስመዘገበች። በሐምሌ ድሬ ገባች። ሳቢያን ላይ የልብስ ሱቅ አላት። ልጇ ኮሌጅ ሲደርስ ይዛው የመመለስ ሐሳብ አላት። ለዚህ ነው ነገሩ ያስደነገጣት። አሜሪካ ውስጥ ቤት ለመከራየት መጀመሪያ የሚታየው ክሬዲት፣ ማለትም የሰውየው የብድርና የክፍያ ታሪክ ነው። እዚያ ያሉ ሐበሾች «ኮሌክሽን ገባብኝ» (ዕዳዬ ለሰብሳቢ ተሰጠ) ሲሉ ከባድ ሕመም እንደያዘው ሰው ነው የሚያወሩት።

በዚያችው ሌሊት አጎቴ ጋ ደወልን። እዚያ ገና ከሰዓት በኋላ ነበር። ለካ ሰውየው መጀመሪያ የደወለው ለእሱ ነው። «እህትህ ዕዳ አለባት፣ ልትከሰስ ነው» ብሎ ብሩን ሁሉ ዘርዝሮ ነግሮታል። አጎቴ ደንግጦ የአክስቴን የኢትዮጵያ ቁጥር ሰጠው። አጎቴን አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እሰጠው ነበር።

አጎቴ ቀጠለና፣ «ደብዳቤም መጥቶልሻል እኮ፤ ከሳምንት በፊት። እሱም ስለዚሁ ነው መሰለኝ» አለ። ፎቶ አንስቶ ላከው።

ስህተታችን እዚህ ላይ ጀመረ። የስልኩ ሰውዬና ደብዳቤው አንድ መሰሉን። አጎቴ «ከፍለን እንገላገል፣ 1,200 ዶላር ከኔ ይሁን» አለ። አክስቴ እሺ ልትል ነበር። ያዘገየን የአጎቴ የባንክ መተግበሪያ ነው፤ በዚያ ሰዓት አልከፍት አለው። ለነገ ተባለና ተኛን።

ጠዋት ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብለን ደብዳቤውን በስልክ አጉልተን አነበብን። የተጻፈው ዕዳ 3,100 አይደለም፤ 2,316 ዶላር ነው። የድርጅቱም ስም ሰውዬው ከተናገረው ጋር አይገጥምም። ስልክ ቁጥሩም ሌላ ነው። አንዱ ዕዳ በሁለት ሰው እጅ፣ በሁለት ዋጋ ነበር።

ደብዳቤውን በደንብ ላሳያችሁ፤ ምን እንደሚመስል ማወቁ ብቻውን ጥበቃ ነው። አንድ ገጽ ነው። ላይ በግራ የሰብሳቢው ስምና የፖስታ አድራሻ፣ በቀኝ የአክስቴ ስምና የመዝገብ ቁጥር። ከዚያ ዕዳው የማን እንደነበር፣ ማለትም የአከራዩ ስም። ከዚያ ትንሽ የሒሳብ ሠንጠረዥ አለ። በዚህ ቀን ይህን ያህል ነበረብሽ፣ ወለድ ይህን ያህል ተጨመረ፣ ክፍያ ይህን ያህል ተቀነሰ፣ ዛሬ ይህን ያህል ነው ይላል። ከታች የሚቀደድ ቅጽ አለ። ሣጥኖች አሉት። «ይህ የኔ ዕዳ አይደለም»፣ «መጠኑ ትክክል አይደለም»፣ «ሌላ»። የመጀመሪያውን አበዳሪ ስምና አድራሻ ላኩልኝ የሚል ሣጥንም አለው። ምልክት አድርገህ መመለስ ብቻ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ዕዳ ሰብሳቢዎችን የሚገዛው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ነው። ይህ የቅጽ አሠራር ደግሞ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነው። ሰብሳቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ካገኘህ በ5 ቀን ውስጥ ይህን ዝርዝር መስጠት አለበት። አንተ ደግሞ 30 ቀን አለህ። በነዚያ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ «እከራከራለሁ» ካልክ፣ ሰብሳቢው ማስረጃ እስኪልክልህ ድረስ መጠየቁን ማቆም አለበት። ቀኑ ካለፈም መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን ማስረጃ እስኪያመጣ ዝም የማለት ግዴታው ይቀራል። ጥቅሙ ያለው በነዚያ 30 ቀናት ውስጥ ነው።

ታዲያ የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። 04/11/2024 ይላል። አክስቴ አየችው፣ እኔም አየሁት፤ ሁለታችንም «ኅዳር» አልን። ቀን 4፣ ወር 11። እንደኛ ቤት አቆጣጠር ገና ስምንት ወር አለ። ተረጋጋን። ደብዳቤውን ወደ ጎን አድርገን የዋትሳፑን ሰውዬ ማሳደድ ያዝን።

ከሳምንት በላይ እንዲሁ ሄደ። መጋቢት 20 ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ደረሰኝ ስጽፍ አክስቴ ስለ ልደቷ የሆነ ነገር አነሳች፤ አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ እያስቀደሙ ሲጽፉባት ሁሌ እንደምትደናገር። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። 04/11 ማለት ኤፕሪል 11 ነው። በኛ ሚያዝያ 3። የቀረን 13 ቀን ብቻ ነው። አክስቴ 9 ዓመት እዚያ ኖራ ሦስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ረስታዋለች። እባካችሁ፣ ከአሜሪካ የመጣ ወረቀት ላይ ቀን ስታዩ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይራችሁ ጻፉት።

የዋትሳፑ ሰውዬ በዚህ መሀል አልተኛም። በአንድ ቀን አራት ጊዜ ይደውላል። እኛ ግን ሕጉን ማንበብ ጀምረን ስለነበር እያንዳንዱ ጥሪው ራሱን ያጋልጥ ነበር። ዕውነተኛ ሰብሳቢ ባለዕዳው ባለበት ቦታ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወል አይፈቀድለትም፤ ይሄኛው በ4 ሰዓት ተኩል ደውሏል። ባለዕዳውን ለማግኘት አድራሻና ስልክ ከዘመድ መጠየቅ ይችላል፤ ዕዳ እንዳለባት ለወንድሟ መናገር ግን አይችልም። በግል ዕዳ ሰውን አስይዛለሁ ብሎ ማስፈራራትም ክልክል ነው። የቤት ኪራይ ያልከፈለ ሰው ኤርፖርት ላይ አይያዝም፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሰብሳቢ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ግን ዝም ማለት አይገባም። ካልቀረቡ በሌሉበት ይፈረዳል።

አክስቴ አንድ ነገር ብቻ እንድትጠይቀው ተስማማን። «የምትለውን በደብዳቤ ላክልኝ። የድርጅትህን የፖስታ አድራሻ ንገረኝ።» ስፒከር ላይ አድርጋ ጠየቀችው። ሰውየው ጮኸ። «ጊዜ የለሽም» አለ። ከዚያ ክፍያውን በጊፍት ካርድ (ከሱቅ በሚገዛ የስጦታ ካርድ) ብትልኪም ይቻላል አለ። አክስቴ እኔን አየችኝ። ድጋሚ «አድራሻህን» አለችው፤ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደውሏል፣ አላነሳችም። ከየት ስሟንና የድሮ አድራሻዋን እንዳገኘ ዛሬም አልታወቀም። የባለዕዳዎች ዝርዝር እንደ ዕቃ ይሸጣል፤ ይሰረቃልም።

«አቦ፣ ታዲያ ደብዳቤውም ውሸት ነው ማለት ነው» አለች አክስቴ በደስታ። እኔም እንደዚያ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ግን በአንዱ ውሸት ሌላውን መዳኘት አይቻልም። ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክም ደውለን አላረጋገጥንም፤ ደብዳቤው ሐሰት ከሆነ ስልኩም የሐሰተኛው ነዋ። አጎቴን የድሮው አፓርታማ ቢሮ ድረስ ላክነው። በእግሩ። «የእህቴን ሒሳብ ለማን ነው የሰጣችሁት?» ብሎ እንዲጠይቅ ብቻ። የቢሮዋ ሴት ዝርዝር ልትሰጠው አልቻለችም፤ ሒሳቡን ያስተላለፉበትን ድርጅት ስም ግን ነገረችው። ደብዳቤው ላይ ያለው ስም ነው።

ስለዚህ ደብዳቤው እውነተኛ ነው። ዕዳው ግን እውነት ነው ወይ?

አክስቴ አልጋዋ ሥር አንድ ሰማያዊ ሻንጣ አላት። ከአሜሪካ ስትመጣ የያዘችው ነው። የድሬ አቧራ ዚፑ ውስጥ ገብቶ አልከፈት ብሎን በሻማ አሸነው። ከላይ የልጇ የሕፃንነት ልብሶች፣ ከሥር የጫማ ካርቶን። ካርቶኑ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፤ የመብራት ደረሰኝ፣ የታክስ ወረቀት፣ በላስቲክ የታሰረ የኪራይ ቼክ ቅሪት። ከመሀሉ አንድ ቢጫ ካርቦን ኮፒ ወጣ። ቤቱን ስትለቅ የአፓርታማው ሰራተኛ ክፍል በክፍል ዞሮ የሞላው ቅጽ ነው። ሳሎን፣ ምንጣፍ፦ ደህና። መኝታ ቤት፣ ምንጣፍ፦ ደህና። ኩሽና፦ ንጹሕ። ከታች ሁለት ፊርማ። ካርቦኑ ደብዝዟል፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ስናዞረው ግን ይነበባል።

አክስቴ ያንን ወረቀት ለምን እንደያዘችው አታውቅም። «ወረቀት አይጣልም ትል የለም እንዴ እማዬ» አለች። አያቴ ከበር ላይ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች።

ክርክሩን ጻፍን። አጭር ነው። ቅጹ ላይ «መጠኑ ትክክል አይደለም» የሚለውን ምልክት አደረግን። «የኔ አይደለም» የሚለውን አላደረግንም፤ ያልሆነ ነገር መጻፍ አልፈለገችም፣ ልክ ነበረች። የዕዳውን ዝርዝር፣ የሊዙን (የኪራይ ውሉን) ኮፒ፣ ዲፖዚቱ (ቤቱ ስትገባ ያስያዘችው ገንዘብ) የት እንደገባ የሚያሳይ ሒሳብ እንዲልኩ ጠየቅን። ፈረመችና ከዚራ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አስነስተን ለአጎቴ ላክን። እሱ አትሞ መጋቢት 24 ቀን በአደራ ፖስታ፣ የተቀባይ ፊርማ በሚመለስበት መንገድ ላከው። ፊርማው ተመልሶ መጥቷል። ሚያዝያ 3 ሳይደርስ ደርሷል ማለት ነው። ዋናውን ቢጫ ወረቀት አልላክንም፤ ዋናው ከእጅ መውጣት የለበትም።

ሰብሳቢው ዝም ባለበት ጊዜ ወደ ክሬዲት ሪፖርቱ ዞርን።

አሜሪካ ውስጥ የሰዉን የብድርና የክፍያ ታሪክ የሚይዙ ሦስት ትልልቅ ኩባንያዎች አሉ፤ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን። እኛ አገር ብሔራዊ ባንክ ውስጥ ያለውን የብድር መረጃ ማዕከል የሚያውቅ ሰው ሐሳቡን ይረዳዋል፤ ባንክ ብድር ከመስጠቱ በፊት እዚያ ያያል። ልዩነቱ፣ እዚያ መረጃውን የያዙት የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ ሦስቱም የየራሳቸው መዝገብ አላቸው። አንዱ ላይ ያለ ነገር ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ሦስቱንም ማየት ያስፈልጋል። በሕግ በነፃ የሚታይበት አንድ ቦታ አለ፤ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም (AnnualCreditReport.com) ይባላል። ስሙን የሚመስሉ ሌሎች ብዙ ገጾች አሉ። ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ የተሳሳተ ቦታ ነው።

ከድሬዳዋ ገጹ አልከፈተልንም። ቪፒኤን (ሌላ አገር እንዳለን የሚያስመስል ፕሮግራም) እንጠቀም ብዬ ነበር። አክስቴ «ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን (የአሜሪካ መለያ ቁጥሬን) እንዲህ ባለ መንገድ አልከትም» አለች፤ ለካ አስተዋይዋ እሷ ናት። በፖስታ መጠየቅ ይቻላል። አንድ ገጽ ቅጽ አለ፤ ተሞልቶ አትላንታ ወዳለው አድራሻ ይላካል። አጎቴ አተመው። ቁጥሩን በቴሌግራም አልጻፍንለትም። ደውላ በቃል ነገረችው፣ በእስክሪብቶ ጻፈው፣ ፖስታውን አሸገ። ፖስታዋ ወደ አጎቴ ቤት እንዲዞር ቀደም ብላ ማስመዝገቧ እዚህ ጋ ጠቀመን። ሦስቱም ሪፖርት በአጎቴ አድራሻ መጣ።

ሦስት ወፍራም ፖስታ። አጎቴ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ላከ። እኔና አክስቴ ማታ ማታ ከሱቅ መልስ እያነበብን አራት ቀን ፈጀን።

የአፓርታማው ዕዳ ሁለቱ ላይ አለ፣ ሦስተኛው ላይ የለም። ይህን ጠብቀን ነበር። ያልጠበቅነው ሌላ ነው። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ የተከፈተ የሱቅ ክሬዲት ካርድ ተመዝግቧል። 870 ዶላር፣ ያልተከፈለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2022 ነው። በታኅሣሥ 2015 አክስቴ ሳቢያን ሱቋ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች።

«ሌባ ነው» አልኩ። አክስቴ ስሙን ደጋግማ አየችው። የእሷ ስም፣ በመጨረሻ የአያቷ ስም። ግን የትውልድ ቀኑ ላይ አንድ ቁጥር ይለያል። አድራሻውም ኖራ የማታውቀው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለኛ ሰው በጣም አስፈላጊ ይመስለኛል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ቪዛ ስንወስድ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል። አንዳንዱ ወረቀት ላይ ደግሞ የአባት ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል። ፊደሉን በላቲን ስንጽፈው አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። አክስቴን የመሰለ ስምና የአያት ስም ያላት ሴት አሜሪካ ውስጥ ስንት ትኖራለች? ኩባንያዎቹ መዝገብ የሚያገናኙት በስም፣ በትውልድ ቀን፣ በአድራሻና በቁጥር ነው። ሁለት ሰው ሲቀራረብ አንዳንዴ ያደባልቁታል። ሌብነት መሆኑን ወይስ መደባለቅ እርግጠኛ መሆን አልቻልንም። የሁለቱም መፍትሔ ግን የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ ለዚያው ኩባንያ «ይህ ሒሳብ የኔ አይደለም» ብሎ ከማስረጃ ጋር መጻፍ። ኩባንያው በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መመለስ አለበት። ይህን የሚገዛው ሕግ እ.ኤ.አ. የ1970 ነው።

ጻፍን። የፓስፖርቷን ኮፒ፣ የአድራሻ ማረጋገጫ፣ ሪፖርቱ ላይ ስህተቱ የተከበበበትን ገጽ አያይዘን።

በግንቦት መጀመሪያ የሰብሳቢው መልስ መጣ። የሊዙ ኮፒና የአከራዩ የሒሳብ ዝርዝር። እዚህ ላይ የሒሳብ ሰው መሆኔ ጠቀመ። አራት መስመር ነው። ያለ በቂ ማስታወቂያ በመልቀቅ የአንድ ወር ኪራይ 1,390። ምንጣፍ 640። ጽዳት 186። ውሃና ቆሻሻ 100። ድምሩ 2,316። ድምሩ ልክ ነው። የጎደለው መስመር ግን ግልጽ ነው፤ አክስቴ ስትገባ የከፈለችው 1,000 ዶላር ዲፖዚት የትም አልተቀነሰም። በቨርጂኒያ ሕግ አከራይ ተከራዩ ከለቀቀ በ45 ቀን ውስጥ ዲፖዚቱን መመለስ ወይም ምን ላይ እንዳዋለው ዘርዝሮ መላክ አለበት። ለአጎቴ ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት መጥቶ አያውቅም።

አክስቴን 1,390ውን አሳየኋት። ዝም አለች። ሊዙን ገልጣ አንብባ፣ «60 ቀን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። የተናገርኩት 30 ቀን ቀድሜ ነው» አለች። «ይሄ የኔ ነው።» ውሃውም የእሷ ነው። ምንጣፉና ጽዳቱ አይደለም፤ ቢጫው ወረቀት አለ።

አያቴ ይህን ስትሰማ ተነፈሰች። ለሷ ትልቁ ነገር ይህ ነበር። የሚገባውን እንከፍላለን። ከዚያ በላይ ግን አንድ ሳንቲም አይደለም። እኔም ከዚህ ሁሉ ጉዳይ የምወደው ይህን ቀን ነው። «ከፍለን እንገላገል» ያልንበት ማታ የፈለግነው ክብራችንን ማዳን ነበር። ሒሳቡን ስናውቅ ግን የምንከፍለው ክብራችንም ሳይነካ ሆነ።

1,390 እና 100፣ 1,490። ዲፖዚቱ ሲቀነስ 490 ዶላር። ይህን ከቢጫው ወረቀት ኮፒ ጋር ለሰብሳቢው ጻፍን፤ ለአከራዩም ግልባጭ ላክን። አንድ ጊዜ 900 አሉ። እንደገና ወረቀቱን ላክን። በሰኔ አጋማሽ 490 ተቀበሉ።

ከመክፈላችን በፊት አንድ ነገር አጥብቀን ያዝን። 490 ሲከፈል ዕዳው ሙሉ በሙሉ እንደሚዘጋና ለክሬዲት ኩባንያዎቹ ዜሮ ብለው እንደሚያሳውቁ በደብዳቤ ጻፉ አልናቸው። ደብዳቤው ሳይመጣ አልከፈልንም። በስልክ የተባለ ነገር ከስልኩ ጋር ይዘጋል። ትንሽም ቢሆን «ለጊዜው» ብሎ መክፈልም አደጋ አለው። በአንዳንድ ግዛቶች አሮጌ ዕዳ ላይ ትንሽ መክፈል የይርጋውን ጊዜ (ለመክሰስ የተሰጠውን የጊዜ ገደብ) ከአዲስ ያስጀምረዋል። የባንክ ሒሳብ ቁጥርም አልሰጠንም፤ አጎቴ በካሽየር ቼክ (ባንኩ ራሱ በሚጽፈው ቼክ) ከፈለ፣ ኮፒውን አስቀረ።

ሁሉም ነገር እንደተመኘነው አልሆነም። የአፓርታማው ዕዳ ከሪፖርቱ አልጠፋም። «ተከፍሏል፣ ቀሪ ዜሮ» ተብሎ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ መረጃ መክፈል ከቆመበት ጊዜ ጀምሮ 7 ዓመት ያህል ይቆያል፤ የአክስቴ እ.ኤ.አ. በ2028 ይወጣል ማለት ነው። ልጇ ኮሌጅ ሲገባ ገና አለ። ግን ዜሮ የተባለ ዕዳና ያልተከፈለ ዕዳ ለአከራይ አንድ አይደሉም።

የጆርጂያው ካርድ ደግሞ አስቸገረ። በሰኔ መጨረሻ የመጣው መልስ «ተጣርቷል፣ ትክክል ነው» ይላል። ሁለት መስመር። እንዴት እንዳጣሩት የለም። አክስቴ ያን ቀን አለቀሰች፤ ከዋትሳፑ ሰውዬ ማታ ይልቅ። ሐሰተኛ ሰው ሲዋሽብህ ትናደዳለህ፤ ትልቅ መሥሪያ ቤት ፊትህን ሳያይ «አንቺ ነሽ» ሲልህ ግን የምትይዘው ነገር ይጠፋሃል።

ሁለተኛውን ደብዳቤ የጻፍነው በሐምሌ ነው። በመጀመሪያው ከፓስፖርቷ የላክነው የፎቶ ገጹን ብቻ ነበር። አሁን በሐምሌ 2013 ቦሌ ስትገባ የተመታውን ማኅተም ገጽ ጨመርን። ከዚያ በኋላ የወጣችበት ማኅተም አለመኖሩን የሚያሳዩ ቀሪ ገጾችን ሁሉ፣ ባዶዎቹን ጭምር። የሱቋን የንግድ ፈቃድ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር። የትውልድ ቀኑን ልዩነት በቀይ ከበብን። ይህንኑ ካርዱን ለከፈተው ሱቅም ላክን፤ መረጃውን የሰጠው እሱ ነውና እሱም የማጣራት ግዴታ አለበት።

ነሐሴ 12 አጎቴ ደወለ። ፖስታውን ከፍቶ በስልክ እያነበበልን ነው። ሒሳቡ ከመዝገቧ ተሰርዟል።

አክስቴ በዚያው ሳምንት ሦስቱም ዘንድ መዝገቧን አስቆለፈች። ይህ ነፃ ነው። ራሷ ካልከፈተችው በስተቀር በስሟ አዲስ ብድር ቢጠየቅ አበዳሪው ሪፖርቷን ማየት አይችልም። ደብዳቤዎቹን፣ የተቀባይ ፊርማዎቹን፣ የ490ውን ቼክ ኮፒ በአንድ ፕላስቲክ አድርጋ ከቢጫው ወረቀት ጋር ጫማ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው። ሻንጣውን ወደ አልጋው ሥር ስትገፋው ዚፑን አልዘጋችውም።

«እንዳይነክስ ነው» አለችኝ። «ደግሞ ብንፈልገውስ?»